የተጠማው ወሊ

የኤክስካቫተሩ ሾፌር ከማሽኑ ዘሎ ሲወርድ አንድ እግር ጫማው መወጣጫው ላይ ቀረ፤ ሊያነሳውም አልተመለሰም። እስከ ጣቢያችን ድረስ እየሮጠ መጥቶ የበሩን መቃን ይዞ እያለከለከ፣ «ወሊው ቦምብ ታቅፎ ነው የተኛው» አለኝ።

እኔ ያን ጊዜ የዓይን ዛሩር ፖሊስ ጣቢያ አሥር አለቃ ነበርኩ። ራጂ እባላለሁ። ሥራዬ የጠፋ ፍየል መፈለግና የወሰን ጠብ ማብረድ ስለነበረ፣ ሰውየውን ፀሐይ መትቶታል ብዬ ውሃ ሰጠሁት። ወዲያው ግን የሼኹና የቄሱ ጩኸት ከመንገዱ መታጠፊያ ተሰማ። ሁለቱ በአንድ ጉዳይ ላይ እኩል ሲጮኹ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነውና ኮፍያዬን አድርጌ ወጣሁ።

ወደ ሳይዳ ከተማ የሚወርደውን መንገድ ለማስፋት የተጠማው ወሊ መቃብር መነሳት ነበረበት። የተጠማው ወሊ የሁላችንም ነው። ሙስሊሙ ሼኽ ይለዋል፣ ክርስቲያኑ ቅዱስ ይለዋል፤ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ የለም። ልጅ ያልወለደች፣ ባል የራቃት፣ ሰው የጠፋባት ሁሉ እየሄደች በግርጌው አንድ ኩባያ ውሃ ታፈስለታለች። የመንደሩ ሹም፣ ሙኽታር አቡ ዘኪ፣ «ወሊ ቤት አይቀይርም» ብሎ ለወራት ሲሟገት ከርሞ ነበር። በመጨረሻ ሼኹና ቄሱ አጽሙን በክብር ወደ ኮረብታው እናዛውረዋለን ብለው አስማሙ። አዲስ ነጭ ጨርቅ ይዘው ቆመው ሳለ ነው እንግዲህ ማሽኑ የሲሚንቶውን ክዳን ከጎን ሲያነሳ የእንጨት ሣጥኖች ብቅ ያሉት። በሣጥኖቹ ውስጥ በናይለን የተጠቀለሉ ክላሽንኮቮችና የሞርታር ጥይቶች ነበሩ።

የሠራዊቱ ፈንጂ አምካኞች መጥተው ሰውን ሁሉ አባረሩ። ሣጥኖቹን ለማውጣት አፈሩን በእጃቸው ሲጠርጉ፣ ከሣጥኖቹ በላይ የሰው አጽም አገኙ። ሣጥኖቹ የጦርነቱ ጊዜ ናቸውና፣ በላያቸው የተኛው የጥንት ወሊ ሊሆን አይችልም።

*

ከሳይዳ የተላከው መርማሪ ኢንስፔክተር ሙኒፍ ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከኪሱ የሽምብራ ቆሎ የማይጠፋ ሰው ነው። ከስሙ ሃይማኖቱን መገመት ስላልተቻለ መንደሩ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ተቀየመው። ሙኽታሩ ዘወር አድርጎ የአባቱን ስም ቢጠይቀው፣ «እሱም እንደኔው ነው» ብሎ አለፈው።

ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ብዙ ቆየ።

«ራጂ፣ ምን ይታይሃል?»

«አጽም፣ ጌታዬ።»

«እሱንማ ሾፌሩም አይቶታል።»

ተናደድኩ፤ ተናድጄም አተኩሬ አየሁ። ሰውየው በጀርባው ተንጋሏል፤ ሁለት እጆቹ ደረቱ ላይ ተነባብረዋል። ክርስቲያኖቹ ሙታናቸውን እንደሚያጋድሙት ማለት ነው። ፊቱ ግን ሙስሊም ሲሰግድ ወደሚዞርበት ወደ ቂብላ ዞሯል፣ ከጉንጩ ሥርም የአፈር ጓል ተደርጎለታል። ይኼ ደግሞ የኛ የሙስሊሞቹ ነው።

«ግማሹን በነሱ፣ ግማሹን በኛ ሥርዓት ነው የተቀበረው» አልኩት።

«እና?»

«የቀበረው ሙስሊም ነው። ሟቹ ክርስቲያን እንደሆነ ግን ያውቃል። የነሱን ቀብር ከሩቅ ቆሞ ነው ያየው፤ የሚያስታውሰውን ያህል አደረገለት፣ የጎደለውን በሚያውቀው ሞላው።»

ኢንስፔክተሩ ከኪሱ ቆሎ ዘግኖ ሰጠኝ። ሽልማት መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የቀረውን እሱ አሳየኝ። ጥይቱ በጎኑ ገብቶ አንድ የጎድን አጥንት ሰብሯል። መንጋጋው በሻሽ ታስሯል፤ በማይበሰብስ የናይለን ሻሽ፣ ዳር ዳሩ ላይ ትንንሽ አበባ ባለው የሴት ሻሽ። ከዳሌው አጠገብ ደግሞ የላም ቃጭል ነበር። እንዳይጮህ ሆዱ ውስጥ ፌስታል ተጠቅጥቆበታል።

«የላም ሌባ ነው» አልኩ።

«ወይ የራሱን ላም ሊወስድ የመጣ» አለ።

ገና ከጉድጓዱ ሳንርቅ ዐቃቤ ሕጉ ደወለ። ድምፁ ከስልኩ አልፎ ይሰማኛል። የጦርነት አጽም ነው፣ የጦርነቱን ነገር የምሕረት ሕጉ ዘግቶታል፣ ቁጥር ሰጥታችሁ ወደ መጋዘን ላኩት፣ መንገዱ ሰኞ አስፋልት ይለብሳል። ኢንስፔክተሩ «እሺ ጌታዬ» እያለ አዳመጠውና ዘጋ።

«ስም ካልተገኘለት ሣጥን ውስጥ ይገባል» አለኝ። «ሳይዳ ውስጥ እንደሱ ያለ ስንት ሣጥን እንዳለ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እኔም መቁጠሩን ትቼዋለሁ። በዚህ መንደር ላም የነበረውና ሰው የጠፋበት ክርስቲያን ቤት የቱ ነው?»

ይህን የማያውቅ ሰው መንደሩ ውስጥ የለም። የኡም ዋዲዕ ቤት ነው።

*

ኡም ዋዲዕ ማለት የዋዲዕ እናት ማለት ነው። የራሷን ስም ከቄሱ መዝገብ በቀር የሚያስታውሰው ያለ አይመስለኝም። ሰማንያ ዓመት ያለፋት፣ ልቧ የደከመ፣ ምላሷ ያልደከመ ሴት ናት። ስንገባ ከልብ ጓደኛዋ ከሐጃ ሙንታሃ ጋር ትሪ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። ሐጃ ሙንታሃ ከግድግዳ ወዲያ ያለች ጎረቤቷ ናት። ሁለቱ አሮጊቶች ሐሙስ ሐሙስ ተያይዘው ወደ ወሊው ሲሄዱ ያላየ የለም።

«ወሊውን አፈረሳችሁት» አለችኝ፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳትቀበል። «አሁን ለማን ልለምን? ለአስፋልቱ?»

ኢንስፔክተሩ ዝቅ ብሎ ከፊቷ ተቀመጠ። «እማማ፣ ስለ ዋዲዕ ይንገሩኝ።»

ነገረችው። እኛ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል። በሰማንያ አምስቱ የጸደይ ወር ጦርነቱ ደርሶባቸው ክርስቲያኖቹ በአንድ ጠዋት መንደሩን ጥለው ሸሹ። ጄዚን ከተማ ደርሰው ትንፋሽ ሲሰበስቡ፣ ላሟ በረት ውስጥ እንደታሰረች መቅረቷ ትዝ አላት።

«አለቀስኩ» አለች። «ቤቴን ትቼ ሳላለቅስ ላሟን አለቀስኩ። ታስራ በውሃ ጥም ትሞታለች አልኩ። ዋዲዕ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እንባዬን አይችልም። ፈትቻት እመለሳለሁ ብሎ ሄደ።»

ኢንስፔክተሩ ቃጭሉን አውጥቶ ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። ከዚያ መልቀሟን ቀጠለች።

«ቃጭል ሁሉ አንድ ነው።»

«እማማ፣ በጥጥ ምራቅዎን ቢሰጡን ሐኪሞቹ ከአጥንቱ ጋር አስተያይተው...»

«ምራቄን ከሰጠሁህ ሞቷል ብዬ ፈረምኩ ማለት ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ያልፈረምኩትን ዛሬ ለአንተ ልፈርም?» ቀና ብላ አየችው። «ሰው አምጣልኝ። በዓይኑ ያየ፣ በእጁ የነካ ሰው። እሱ ፊቴ ቆሞ ዋዲዕ ነው ይበለኝ፤ ያኔ አፌን እከፍትልሃለሁ። አለዚያ ልጄ መንገድ ላይ ነው።»

ሐጃ ሙንታሃ ውሃ ልጥድ ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ስንወጣ አንጀቴ ተቃጥሎ ነበር። «ሐኪሙ ክረምቱን አትወጣም ብሏል» አልኩት። «ልጇን ሰኞ መጋዘን ልንከተው፣ እሷ ደግሞ እየጠበቀችው ልትሞት ነው።»

«እንግዲያ ያየውን ሰው እንፈልግ» አለ።

*

መጀመሪያ የተጠረጠረው ሙኽታር አቡ ዘኪ ነው። መቃብሩ እንዳይነካ እንደሱ የታገለ የለምና። ቢሮው ገብተን ሳንቀመጥ ላብ አጠመቀው።

«ከሥሩ ምን እንዳለ ያውቁ ነበር?» አለው ኢንስፔክተሩ።

«በልጄ ሞት፣ አላውቅም። በሰማንያ አምስት እኮ ኩዌት ነበርኩ። መንደሩ ሲቃጠል እኔ እዚያ የሰው ሒሳብ እሠራ ነበር፤ ሰው ሁሉ ይመሰክራል።» ደግሞም እውነት ነው፤ በዚያ ዓመት ከኩዌት በላከው ማራገቢያ አባቱ እስኪሞቱ ሲኩራሩ ነው የኖሩት።

«ታዲያ መነሳቱ ለምን አንገበገበዎት?»

ሙኽታሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሚስቴ አልወልድ ብላ ኖራ ወሊው ዘንድ ውሃ ባፈሰሰች በዓመቱ ነው ዘኪ የተወለደው። ልጁ ዘንድሮ የዩኒቨርሲቲ ፈተና አለበት። ወሊው ቢቀየመንስ?»

«ዘኪ እኮ አምናም ወድቋል» አልኩት።

«ያኔ መቃብሩ በቦታው ነበር፤ አሁን ደግሞ አስበው።»

እንግዲህ ሙኽታሩን ከዝርዝራችን አወጣነው።

ሁለተኛው ፋውዚ ነው። በጦርነቱ ጊዜ የመንደሩን ታጣቂ ልጆች ያዝዝ ነበር፤ ዛሬ በሳይዳ መንገድ ላይ ጎሚስታ ከፍቷል። ከመኪና ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ የሣጥኖቹን ፎቶ ሲያይ እንደ ሕፃን ደነገጠ።

«የኔ ናቸው» አለ። ለመደበቅ እንኳ አልሞከረም። «እነዚህን እኮ ጦርነቱ ካለቀ ጀምሮ ስፈልጋቸው ነው የኖርኩት። ሠራዊቱ አስረክብ ሲለኝ ጠፉ ብዬ ስምል፣ ሸጠህ በልተሃቸዋል ብለው አንድ ወር አሰሩኝ።»

«ማን ቀበራቸው?»

«አቡ ሸሪፍ፣ ነፍሱን ይማረው። እንዳይታይ ለብቻው እንዲቀብር አዘዝኩት። ቦታውን ሊነግረኝ ሳንገናኝ ቀረን፤ በወሩ የመድፍ ጥይት በላው። ያንን ሜዳ ሁሉ ቆፍሬዋለሁ።»

«ከወሊው በቀር።»

«ጌታው፣ ወሊ ይቆፈራል?» ፋውዚ ከልቡ ተቆጣ። «ከመቃብሩ ክንድ እስኪቀረው ድረስ ቆፍሬ፣ ይቅርታ ጠይቄ፣ ውሃ አፍስሼለት ነው የተመለስኩት።»

ኢንስፔክተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት። «ስለ ዋዲዕስ?»

የፋውዚ ፊት ተለወጠ። «ዋዲዕ እግር ኳስ አብሮን ይጫወት ነበር። የነካው ከኔ ልጆች መሃል ከሆነ፣ ለኔ አልነገረኝም። መሣሪያው ሲቀበር መታጠፊያው ላይ ዘብ የነበረው የአቡ ሸሪፍ ልጅ ነው፤ ሸሪፍን ጠይቁት። ግን እሱ ያኔ ጢሙ እንኳ ያላበቀለ ጎረምሳ ነበር።»

*

አቡ ሸሪፍ የሐጃ ሙንታሃ ባል ነበር። ልጃቸው ሸሪፍ የመንደሩን የወይራ መጭመቂያ ይሠራል። ደግ፣ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። ስንደርስ ፒካፑ ላይ የጋዝ ሲሊንደር እየጫነ ነበር።

«ለኡም ዋዲዕ ነው» አለ። «አርፍጄ ብወስድላት ለሣምንት አታናግረኝም።»

ኢንስፔክተሩ ስለዚያ የዘብ ጊዜ ጠየቀው።

«የኔ ጦርነት?» ሸሪፍ ሳቀ። «አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ጠመንጃው ከኔ ይረዝማል። አባቴ እዚህ ቁም፣ ሰው ከመጣ ጥራኝ ብሎኝ ወደ ታች ወረደ። ጨለማ ነው፤ ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ። ነፍሴን አላውቅም፣ ተኮስኩ። በጦርነቱ ሙሉ የተኮስኳት ጥይት እሷ ብቻ ናት። ምን ገደልኩ መሰለህ?»

«ምን?»

«ከርከሮ። አባቴ ወርዶ አይቶ መጣና፣ 'አንተ ጀግና፣ ከርከሮ ጣልክ' አለኝ። ልይ ብለው ከለከለኝ፤ እርም ነው፣ ቀበርኩት አለ። እስከ ዛሬ ፋውዚ ሲያገኘኝ ከርከሮ ገዳይ ይለኛል።»

ሳቅኩ። ኢንስፔክተሩም ፈገግ አለ፤ ግን ቆሎውን ወደ አፉ ሲወስድ እጁ መሃል ላይ ቆመና መልሶ ኪሱ ከተተው። ሸሪፍን አመስግኖ፣ ሲሊንደሩን አብሮት ጭኖ፣ ዝም ብሎ ወደ መኪናው ሄደ።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ወሊውን በሕልሙ ያየው ሰው ዘንድ» አለኝ።

እዚህ ላይ ግራ ገባኝ። የወሊው መቃብር በሕልም እንደተገኘ ማንም ያውቃል። ጦርነቱ ሳያልቅ አንድ ሰው በሕልሙ፣ እዚህ ቦታ የተቀበርኩ የአላህ ሰው ነኝ፣ አትረሱብኝ፣ ቤት ሥሩልኝ ሲል አየው ተብሎ ነው የተሠራው። በኛ አገር ብዙ መቃብር እንዲሁ ነው የሚገኘው፤ ሕልሙን ማን አየው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሰው ሁሉ የሚጠቁመው ፀጉር አስተካካዩን ሰሊምን ነው። እሱ ግን መቀሱን አስቀምጦ ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ ከሰማሁ በኋላ ነው ያለምኩት። በዚያ ዓመት ያላለመ ማን አለ? አንዱ በነጭ ፈረስ አየሁት ይላል፣ አንዱ ጢሙ አረንጓዴ ነው ይላል፣ ክርስቲያኖቹ ሲመለሱ የማሩን ሚስት ደግሞ መስቀል ይዞ መጣባት።»

«ሁሉም የሚስማሙበት ነገር የለም?» አለው ኢንስፔክተሩ።

«አንድ አለ። 'ጠምቶኛል' ይላል። ሌላው ሁሉ ይለያያል፤ እሷ ቃል አትለወጥም። ውሃ የምናፈስለትም ለዚያ ነው።»

«መጀመሪያ ማን ተናገረ?»

«ሐጅ ደርዊሽ፣ ነፍሱን ይማረው። የሱም አልነበረም። ሊሞት ሲል ጢሙን ስላጨው ነገረኝ፤ 'ሰሊም፣ ሕልሙ የኔ አይደለም። አንዲት ሴት በአንተ ስም ተናገርልኝ፣ በሴት ሕልም ጉልላት የሚሠራ የለም ብላ አልቅሳ ለምናኝ ነው' አለኝ። ማን እንደሆነች ግን አልነገረኝም።»

ወጥተን ገደላማው መንገድ ላይ ቆምን። ኢንስፔክተሩ የወይራ ማሳዎቹን ቁልቁል እያየ ነበር።

«ራጂ፣ የገበሬ ልጅ ነህ። አባትህ ከርከሮ ቀብሮ ያውቃል?»

«ለምን ይቀብረዋል? በገመድ ጎትቶ ገደል ይጥለዋል፣ ቀበሮ ይጨርሰዋል። ማን ለከርከሮ...»

«ጉድጓዱ ደግሞ ለሣጥኖቹ ተከፍቶ ነበር» አለ። «በጥይት የተመታ ሰው ምን እንደሚለምን ታውቃለህ። አንድ ሰው ያቺን ቃል በሕልሙ ሳይሆን በጆሮው ሰምቷታል። ሻሹም የሴት ነው።»

ሸሪፍ እንደዚያ እየሳቀ ሲሊንደር ሲጭን ዓይኔ ላይ መጣ። በዚያች ሰዓት ፖሊስ ባልሆን፣ ከዚያ መንደርም ባልወለድ ደስ ባለኝ ነበር።

*

ሐጃ ሙንታሃ በሯን ከፍታ ተቀምጣ ነበር። ኢንስፔክተሩ በላስቲክ የተጠቀለለውን ሻሽ ጉልበቷ ላይ አኖረው። ብዙ አላየችውም።

«የኔ ነው» አለች። «ምስር ስንለቅም ቃጭሉን ስታወጣው እንደምትመጣ አውቄ ነበር፣ ልጄ።»

«ይንገሩኝ።»

«የተኩሱ ድምፅ ሲሰማኝ ነቅቼ ነበር። ባሌ ሸሪፍን ወደ ቤት መልሶ፣ እሱ እንዳይሰማ በጆሮዬ ነገረኝ፤ 'የጎረቤታችን ልጅ ነው፣ ላሟን እየነዳ ነበር፣ ነይ' አለኝ። ሮጥኩ። ዋዲዕ ነው። በኔ እጅ ነው ያደገው፤ እናቱ አራስ ሆና ታማ እኔ ነኝ ጡት ያጠባሁት። አወቀኝ። 'አክስቴ፣ ጠምቶኛል' አለኝ። ወደ ምንጩ ሮጬ ውሃ ይዤ ስመለስ አልቋል። በዚያው ውሃ ፊቱን አጠብኩት።»

ሻሹን በላስቲኩ ላይ በመዳፏ ዳበሰችው።

«ቄስ የለም፤ ሸሽተዋል። ሼኽ ብጠራ ምን እላለሁ? እጁን እንደነሱ አደረግሁለት። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቀውም፤ እንደኛው አደረግሁት። ባሌ በሣጥኖቹ ላይ አጋድሞ አፈር አልብሶ ቀበረው። በወሩ እሱም ሞተ። ሜዳው ሊታረስ ነው ሲባል እንቅልፍ አጣሁ፤ ልጁን በማረሻ ሊገለብጡት ነው። ሐጅ ደርዊሽን የለመንኩት ያኔ ነው።»

«ኡም ዋዲዕ ስትመለስስ?»

«ሰላም ሆኖ ሲመለሱ መጀመሪያ በሬን ያንኳኳችው እሷ ናት። ልጄን ያየ አለ? አለችኝ። አፌ አልከፈት አለ። እጇን ይዤ ወሊው ዘንድ ወሰድኳት፤ የጠፋ የሚያገኝ ወሊ ነው አልኳት።»

«ለምን አልነገሯትም?» አልኩ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ፣ ድምፄም የቁጣ ነበር።

«ለሸሪፍ ምን ልበለው? ያ ከርከሮ ዋዲዕ ነበር ልበለው? ዋዲዕ ነው ብስክሌት ያስተማረው።»

ኢንስፔክተሩ ሻሹን አንስቶ ኪሱ ከተተ። «ሐጃ፣ ሕጉ ምሯችኋል። ሊወስድዎት የመጣ ሰው የለም። ግን ሰኞ ልጁ ያለ ስም ሣጥን ውስጥ ይገባል። እናቱ ደግሞ ያየ ሰው አምጡልኝ ብላለች።»

አሮጊቷ ከዘራዋን ፈለገች። እጄን ስዘረጋላት አልተቀበለችኝም፤ ግድግዳውን ይዛ በራሷ ተነሳች።

*

ኡም ዋዲዕ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ሁሉንም ሰማች። አላቋረጠችም፣ አላለቀሰችም። ሐጃ ሙንታሃ ቆማ ነው የነገረቻት፤ ተቀመጪ ያላት አልነበረም። እኔ የጣራውን እንጨት እያየሁ ነበር። ሲያልቅ ኡም ዋዲዕ ጠየቀች።

«ብዙ ተሰቃየ?»

«አልቆየም።»

«ብቻውን ነበር?»

«ውሃ እስካመጣ ድረስ ብቻ።»

«ማን ነው የተኮሰው?»

ኢንስፔክተሩ ለሐጃ ሙንታሃ ሊናገርላት አፉን ሲከፍት ኡም ዋዲዕ በእጇ ዝም አሰኘችው።

«ሸሪፍ» አለች ሐጃ።

ከደጅ የፒካፕ ድምፅ ተሰማ። ሸሪፍ ሲሊንደሩን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ጓዳው በር ሲሄድ በመስኮቱ አየነው። እያፏጨ ነበር። አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን ሲገጥም፣ ሲፈትሸው፣ «እማማ፣ ገጥሜዋለሁ!» ብሎ ጮሆ ሲሄድ ማናችንም አልተነፈስንም።

«ያውቃል?»

«አያውቅም። ከርከሮ ነው ብለነዋል።»

ኡም ዋዲዕ መስኮቱን ብዙ አየች።

«አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር» አለች። «ከርከሮ ይሁንለት። ከዚህ ቤት ቃል አይውጣ፤ እናንተም ሰማችሁ?»

«ሰማን እማማ» አለ ኢንስፔክተሩ። የሰዎቹንም የመንደሩንም ስም ቀይሬ የጻፍኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሐጃ ሙንታሃ ያን ጊዜ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ የጓደኛዋን እጅ ፈለገች። ኡም ዋዲዕ እጇን አልሰጠቻትም፤ ጭኗ ላይ አጣጥፋ ያዘችው።

«ሐሙስ ሐሙስ እጄን ይዘሽ ትወስጂኝ ነበር።»

«አዎ እህቴ።»

«እኔ ልጄን መልስልኝ ብዬ ስለምን፣ አንቺ አጠገቤ ተቀምጠሽ ምን ነበር የምትለምኚው?»

መዋሸት ትችል ነበር። እኔ ብሆን እዋሽ ነበር። ሐጃ ሙንታሃ ግን ቀና ብላ ዓይኗን አየቻት።

«ይህን ሳትሰሚ እንድትሞቺ።»

ኡም ዋዲዕ ራሷን በቀስታ ነቀነቀች።

«ወሊው የአንቺን አልሰማም» አለች። «የኔን ነው የሰማው።»

ከዚያ ወደ ኢንስፔክተሩ ዞራ ለጥጡ አፏን ከፈተችለት።